ሲአርፒ ከፍ ብሏል፣ ቲ-ስኮሩ ግን ኦስቲዮፖሮሲስ አይልም፦ የስብራት ስጋቱን እንዴት እንመዝነው?

ጠቅላላ_ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት የ66 ዓመት ታካሚ ውጤት ላይ አስተያየታችሁን ፈልጌ ነው። ጀርባቸውን ማመም ከጀመራቸው ሦስት ወር ሆኗል። ወድቀው አያውቁም፣ የታወቀ ስብራት የለባቸውም፣ ትምባሆም መጠጥም የለም፣ ስቴሮይድ ወስደው አያውቁም። በዴክሳ (የአጥንት ጥግግት መለኪያ ራጅ) የጭን አጥንት አንገት ቲ-ስኮር (ጥግግቱ ከጤናማ ወጣት ሰው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር) -1.8፣ የወገቡ -1.2 ነው፤ ኦስቲዮፔኒያ (መለስተኛ የአጥንት መሳሳት) እንጂ ኦስቲዮፖሮሲስ (የከፋው መሳሳት) አይባልም። ፍራክስ (የስብራት ስጋት ማስያ) ሲሰላም የ10 ዓመቱ ስጋት መድኃኒት ከሚጀመርበት መጠን በታች ወጣ። ግራ የሚያጋባው ደሙ ነው፤ ኤችኤስ-ሲአርፒ (የብግነት ጠቋሚው ሲአርፒ በረቀቀ ምርመራ ሲለካ) 6.4፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ 5.9 ሚሊግራም በሊትር፣ ኢኤስአር (የቀይ ደም ሴሎች የመዝቀጥ ፍጥነት፣ ሌላው የብግነት ጠቋሚ) 58፣ ሄሞግሎቢን 11.1።

የብግነት ጠቋሚዎቻቸው ከፍ ያሉ ሰዎች አጥንታቸው ቶሎ እንደሚሰበር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ታዲያ ፍራክስ ስጋቱን አሳንሶታል ብዬ መድኃኒት ልጀምርላቸው? ለሲአርፒው በፍራክሱ ላይ የሚደመር መጠን ካለ ንገሩኝ።

ኤንዶ

የሚደመር መጠን የለም። ፍራክስ የሚጠይቀው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ የቀድሞ ስብራት፣ የወላጅ የዳሌ ስብራት፣ ትምባሆ፣ ስቴሮይድ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሁለተኛ ደረጃ ኦስቲዮፖሮሲስ፣ በቀን 3 መለኪያና ከዚያ በላይ አልኮልና የጭን አጥንት አንገት ጥግግት ነው። ሲአርፒ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ በግምት 10 ወይም 20 በመቶ መጨመርም ማስረጃ የለውም።

ግንኙነቱ ግን እውነት ነው። ሄልዝ ኤቢሲ የተባለው ጥናት ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆኑ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከተለኩት ጠቋሚዎች ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑት በላይኛው ሩብ ውስጥ የወደቁባቸው ሰዎች፣ አንድም ካልጨመረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ የስብራት ስጋታቸው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ስጋቱ የተቆለለው ብዙ ጠቋሚዎች አብረው ሲጨምሩ መሆኑ ነው፤ ብቻውን የቆመ አንድ ሲአርፒ ያን ያህል አይናገርም። በሰሜን ጣሊያን የተሠራው የብሩኔክ ጥናት ከዚያም አልፎ በሲአርፒ የላይኛው ሲሶ ላይ ያሉት ከታችኛው ሲሶ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ እንደሚሰበሩ አሳይቷል። እኔ ይህን ቁጥር በጥርጣሬ ነው የማየው፤ ተሳታፊዎቹ 900 ገደማ ብቻ ስለሆኑ ግምቱ በጣም ሰፊ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥያቄዎ የሚቀርበው የሮተርዳም ጥናት ነው። እዚያም ሲአርፒ ከፍ ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ አከርካሪያቸው፣ የበለጠ ተሰብሯል። ነገር ግን በዘር የወረሱት ጂን ሲአርፒያቸውን ከፍ የሚያደርግባቸው ሰዎች ተለይተው ሲታዩ የስብራት ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ አጥንቱን የሚጎዳው ሲአርፒ ራሱ አይደለም፤ ሲአርፒን ከፍ ያደረገው ነገር ነው። ጥያቄው ምን ያህል ልደምር ሳይሆን ከየት መጣ የሚለው መሆን አለበት።

መንገዱ ይታወቃል። ሳይቶካይን የሚባሉት የብግነት መልእክተኞች (ቲኤንኤፍ-አልፋ፣ ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-17) አጥንት ገንቢዎቹን ሴሎች፣ ኦስቲዮሳይቶችንና ቲ-ሴሎችን ራንክ-ኤል የተባለውን ፕሮቲን አብዝተው እንዲያወጡ ያደርጋሉ። ራንክ-ኤል የኦስቲዮክላስት እናት ሴሎች ላይ ሲያርፍ አጥንት ሰርሳሪዎቹ ይበዛሉ፤ እሱን አስቀድሞ ይዞ የሚያስቀረው ኦስቲዮፕሮቴጀሪን ደግሞ አይበቃም። በዚያው ጊዜ ቲኤንኤፍ ዲኬኬ-1ን ስለሚጨምር ግንባታውም ይዳከማል። ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ሲወርድ እነዚሁ ሳይቶካይኖች ስለሚጨምሩ ነገሩ ይደራረባል። ጡንቻም ይሟሽሻል፤ ሰው የሚሰበረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲወድቅ ነው። ከጥግግት ውጭ ያለው የስጋቱ ክፍል በከፊል ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ላቦራቶሪ_ክፍል

ስለ ትርጉሙ ከመነጋገራችን በፊት ቁጥሩ ራሱ ይጣራ። መለኪያውን አይተውታል? አንዳንዱ ማሽን በዴሲሊትር ያትማል፤ 0.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 6 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ አሥር እጥፍ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። መደበኛው የሲአርፒ ምርመራ ከ3 እስከ 5 በታች ያለውን አይለይም። ኤችኤስ የሚባለው ነው ወደ 0.3 አካባቢ ወርዶ የሚያነበው። ከ1 በታች፣ ከ1 እስከ 3፣ ከ3 በላይ የሚለው ክፍፍል ለልብና ለደም ሥር ስጋት የወጣ እንጂ ለአጥንት አይደለም። ከ10 በላይ ከሆነ ጉንፋንም ሆነ የጥርስ ቁስል ሊሆን ስለሚችል ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም አለበት። የእርስዎ ሁለቱ ውጤቶች ተቀራራቢ ስለሆኑ አላፊ ነገር አይመስልም።

ሲአርፒ ፈጣን ነው፤ ጉዳት በደረሰ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፣ በሁለት ቀን ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ የደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 19 ሰዓት ገደማ ነው። ኢኤስአር ቀርፋፋ ነው፤ ፋይብሪኖጅንና ኢሚውኖግሎቡሊን በሚባሉ የደም ፕሮቲኖች ስለሚመራ መንስኤው ከጠፋ በኋላም ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ደም ማነስም ያፈጥነዋል። አሠራሩም ያታልላል። ቱቦው 3 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ቢል ውጤቱ እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ የቆየ ደም ደግሞ ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣል። 58 የሚለው ከመታመኑ በፊት አንዴ ቢደገም አይከፋም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለማረጥ የሚዋጥ ኢስትሮጅን ይወስዳሉ? የሚዋጠው በቅድሚያ ጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ሲአርፒን ብቻውን ከፍ ያደርጋል፤ በቆዳ የሚለጠፈው እንዲህ አያደርግም። አስቂኙ ነገር ኢስትሮጅን ለአጥንት ጥሩ መሆኑ ነው፤ ሲአርፒን አይቶ ስጋት ጨመረ የሚል ሰው እዚህ ጋ በቀጥታ ይሳሳታል። ሁለተኛው ክብደታቸው ነው፤ የስብ ሕዋስ ኢንተርሉኪን-6 እያወጣ ጉበትን ያዛል። ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ ስታቲን ሲአርፒን ዝቅ ያደርጋል፤ ቶሲሊዙማብ የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የኢንተርሉኪን-6 መንገድ ስለተዘጋ ሲአርፒ ምንም አይነግርም፣ ከባድ ኢንፌክሽን እያለ እንኳ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ቫይታሚን ዲም ካዘዙ በብግነት ጊዜ የ25-ሃይድሮክሲ መጠኑ እንደሚወርድ አይርሱ። አልቡሚንም ይወርዳል፣ ጠቅላላ ካልሲየሙን ይዞ። ስለዚህ አልቡሚን ከ4 ግራም በዴሲሊትር በታች በሆነ በእያንዳንዱ 1 ግራም ካልሲየሙ ላይ 0.8 ሚሊግራም ይደመራል። ፌሪቲን (የብረት ክምችት ጠቋሚ) ግን ስለሚጨምር የብረት እጥረትን ይሸፍናል። ሲቲኤክስ (የአጥንት መሰርሰር ጠቋሚ) የሚለካ ከሆነ በጾም፣ ጠዋት ከ10 ሰዓት በፊት (በአውሮፓ አቆጣጠር)፣ ቢቻል በኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ። ምግብ ያወርደዋል። ፒዋንኤንፒ (የአጥንት ግንባታ ጠቋሚ) በምግብ ብዙም አይነካም።

አከርካሪ

ሁላችሁም ስለ ሲአርፒ ስታወሩ የበለጠ የሚያሳስበው ኢኤስአሩ ተረሳ። ለ66 ዓመት ሴት የኢኤስአር ጣሪያ በተለመደው ቀመር ዕድሜ ሲደመር 10፣ ለ2 ሲካፈል፣ ማለትም 38 ነው። 58 ከዚያ በደንብ ያለፈ ነው፤ ሲአርፒው ግን 6 ብቻ። እውነተኛ ንቁ ብግነት ቢሆን ሁለቱ አብረው በወጡ ነበር። ኢኤስአር ለብቻው ሲሮጥ ሁለት ነገር አስባለሁ፤ ደም ማነስና የበዛ ኢሚውኖግሎቡሊን። እሳቸው ደግሞ ደም ማነስም፣ የሦስት ወር የጀርባ ሕመምም አላቸው። ማልቲፕል ማይሎማ (የመቅኔ ፕላዝማ ሴሎች ካንሰር) አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ስለ ፍራክስ ማውራት ጊዜው አይደለም።

ዴክሳውንም ቁጥሩን ብቻ አይተው አይለፉት። ወገቡ ከጭን አጥንት አንገቱ ይልቅ የተሻለ መስሎ የታየው ለምን ይሆን? የተጨመቀ አከርካሪ ያው ማዕድን በጠበበ ስፋት ላይ ስለሚለካ ጥግግቱ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ የመገጣጠሚያ ማርጀትና የካልሲየም ክምችትም እንዲሁ ያደርጋል። ሪፖርቱ ላይ ከኤል-1 እስከ ኤል-4 (የወገብ አከርካሪዎች) የእያንዳንዱ ቲ-ስኮር አለ፤ ከጎረቤቱ ከ1.0 በላይ የሚለየው ይወጣና አማካዩ እንደገና ይሰላል፣ ቢያንስ ሁለት አከርካሪ መቅረት አለበት። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ያለበት ሰው ላይማ የወገብ ንባብ ጭራሽ አይታመንም፣ ዳሌው ብቻ ነው የሚታየው።

የጎን ራጅ ይነሣ፣ ደረትም ወገብም። የአከርካሪው ቁመት በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ስብራት ነው፤ ከ25 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከባድ። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ሳይታወቅ ስለሚያልፍ “ስብራት የለባቸውም” የሚለው የፍራክስ መልስ ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ከወጣትነታቸው ቁመት 4 ሴንቲሜትር ካጠሩ ይህ ብቻውን ራጅ ለማዘዝ ይበቃል። ስብራቱ ከአራተኛው የደረት አከርካሪ በላይ ከሆነ፣ ወይም የኋላው ቅስት ከተበላ፣ ተራ የአጥንት መሳሳት አይደለም።

ጠቅላላ_ሐኪም

በጣም አመሰግናለሁ። ሆርሞን አይወስዱም፣ ቢኤምአይ 24 ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም አይሆኑም። ፋይሉን መልሼ ሳየው ጠቅላላ ፕሮቲን 8.9፣ አልቡሚን 3.4፣ ካልሲየም 9.9፣ ክሪያቲኒን 1.3፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ ኖርማል። ቁመታቸው በመታወቂያቸው ላይ ካለው 5 ሴንቲሜትር ያንሳል። ኢኤስአሩ ተደግሞ 61 መጣ። ራጁ ነገ ይነሣል። እስከዚያው ዞሌድሮኔት የተባለውን የአጥንት መድኃኒት ብሰጣቸው ምን ይጎዳል? መቼም አጥንቱ መጠናከሩ አይቀርም።

ደም_ሕክምና

ይጎዳል፣ አይስጡ። ምክንያቱን ከቁጥሮቹ እንጀምር። ከጠቅላላው ፕሮቲን አልቡሚኑ ሲቀነስ 5.5 ግራም ይቀራል፤ ከ4 በላይ ከሆነ ግሎቡሊን በዝቷል። የተስተካከለው ካልሲየም 9.9 ሲደመር 0.48፣ ማለትም 10.4 ገደማ ነው፤ ያልተስተካከለው ያረጋጋል፣ የተስተካከለው ጣሪያው ላይ ነው። ክሪያቲኒን 1.3 ለ66 ዓመት ሴት ትንሽ አይደለም። የአልካላይን ፎስፋቴዝ ኖርማል መሆን ደግሞ አያጽናናም፤ በማይሎማ አጥንት ይበላል እንጂ ገንቢዎቹ ስለሚታፈኑ ኤንዛይሙ አይጨምርም። የኒውክሌር የአጥንት ስካንም በዚሁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ እሱን አይዘዙ።

የሚታዘዘው የደም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ (ፕሮቲኖቹን ለያይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ከኢሚውኖፊክሴሽን (ዓይነታቸውን ከሚለይ ምርመራ) ጋር፣ የነጻ ቀላል ሰንሰለት (የኢሚውኖግሎቡሊን ቁራጭ) መጠንና ምጣኔ፣ የኢሚውኖግሎቡሊን ጂ፣ ኤ እና ኤም መጠን ነው። ቀላል ሰንሰለቱን “ኤሌክትሮፎሬሲሱ በቂ ነው” ብለው አይተዉት፤ ቀላል ሰንሰለት ብቻ የሚያመርት ማይሎማ ኩላሊት ውስጥ ስለሚያልፍ በደም ላይ ግልጽ ጫፍ ላያሳይ ይችላል፣ ኢኤስአሩም ላይጨምር ይችላል። የሽንት ስቲክም አልቡሚን እንጂ ቀላል ሰንሰለት አያይም። ውጤቱ ሲመጣ ጠባብ ሹል ጫፍ ከሆነ የአንድ ሴል ዘር ምርት ነው፣ ወደ መቅኔ ናሙና ይኬዳል። ሰፊና ዝርግ ጉብታ ከሆነ ግን የብዙ ሴሎች ምላሽ ነው፤ የቆየ ኢንፌክሽን፣ የጉበት በሽታ፣ ሉፐስ፣ ሾግረን ይፈለጋል። የአከርካሪ ቲቢም ለወራት የጀርባ ሕመም፣ ለኢኤስአርና ለደም ማነስ ከሚፈለጉት አንዱ ስለሆነ ራጁ ላይ ሁለት ጎረቤት አከርካሪዎችና በመካከላቸው ያለው ዲስክ አብረው ከተበሉ ሐሳቡን ወደዚያ ያዙሩ። ማይሎማ ዲስኩን ብዙ ጊዜ አይነካም።

ዞሌድሮኔትን የከለከልኩት ለሦስት ነገር ነው። ለኦስቲዮፖሮሲስ 5 ሚሊግራም በዓመት አንዴ፣ ለማይሎማ ግን 4 ሚሊግራም በየ3 እና 4 ሳምንቱ ነው፤ መጠኑም ክትትሉም ስለሚለያይ ከመታወቁ በፊት መጀመር መዝገቡን ያዛባል። የኩላሊቱ ማጣሪያ ከ35 ሚሊሊትር በደቂቃ በታች ከሆነ ለኦስቲዮፖሮሲስ አይሰጥም፣ የቀላል ሰንሰለት ጉዳት ያለበት ኩላሊት ደግሞ በፍጥነት ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ጥርስ መታየት አለበት፤ መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ ከመድኃኒቱ በፊት ይነቀል፣ አለበለዚያ የመንጋጋ አጥንት መሞት ሊመጣ ይችላል።

ለሕመሙ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይስጡ፣ ኩላሊቱን ይጨርሱታል። ዴክሳሜታሶንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ናሙናው ሳይወሰድ አይጀመር፤ ፕላዝማ ሴሎቹን ስለሚያጠፋ ምርመራው ይደበዝዛል።

ሪዚደንት_2

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። ሁሉም ነገር ንጹሕ ቢወጣስ? ሲአርፒ 6፣ ቲ-ስኮር -1.8፣ ሌላ ምንም የለም። ያኔም ስጋቱ ከሌላው ሰው እኩል ነው ትላላችሁ?

ኤንዶ

እኩል ነው አልልም። በቁጥር ልተረጉመው አልችልም ነው የምለው። ሲአርፒን በማውረድ ብቻ ስብራት እንደሚቀንስ ያሳየ ሙከራ የለም። ፀረ-ቲኤንኤፍ መድኃኒቶች በሩማቶይድ አርትራይተስ የጥግግት መውረድን ያዘገያሉ፤ ስብራትን መቀነሳቸው ግን ያን ያህል ጥርት ብሎ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የማደርገው የተደበቀውን መፈለግ ነው፤ የሴሊያክ ፀረ-እንግዳ አካል፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ፓራታይሮይድ፣ የአንጀት ብግነት ምልክት፣ ሲኦፒዲ (የቆየ የሳንባ በሽታ)፣ የድድ በሽታ። ከዚያ ዴክሳውን እንደ ተለመደው ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ እደግማለሁ፣ በዚያው ማሽን።

ሩማቶይድ አርትራይተስ ከተገኘ ፍራክስ ላይ ያለው ሳጥኑ ምልክት ይደረግበታል፤ ሲአርፒው ከዚያ ውጭ ተጨማሪ ነጥብ የለውም፣ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ስቴሮይድ ከተጀመረ ደግሞ ፍራክስ መካከለኛ መጠን አስቦ ነው የሚያሰላው። በቀን ከ7.5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በላይ ከሆነ የዋና ዋና ስብራቶች ስጋት በ15 በመቶ፣ የዳሌው በ20 በመቶ ከፍ ይደረጋል፤ ከ2.5 በታች ከሆነ 20 እና 35 በመቶ ዝቅ ይላል። ይህ የመቶኛ ነጥብ አይደለም። የዳሌው 3 በመቶ ከነበረ 3.6 ይሆናል እንጂ 23 አይሆንም። በስቴሮይድ የሚመጣው ስጋት በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ስለሚጨምር ዴክሳው እስኪወርድ አይጠበቅም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰው ከተሰበረ በኋላ የተለካ ሲአርፒ ስለ ቀድሞው ስጋት ምንም አይነግርም። ስብራቱም ቀዶ ሕክምናውም ራሳቸው ያወጡታል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ነክቶ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ሲቲኤክስና ፒዋንኤንፒ ደግሞ ለወራት ተዛብተው ይቆያሉ።

ጠቅላላ_ሐኪም

ራጁ መጣ። ቲ-12 (የመጨረሻው የደረት አከርካሪ) በ30 በመቶ ገደማ ተጨምቋል፣ ኤል-1 በ20፤ ዲስኮቹ ደህና ናቸው፣ የኋላ ቅስት የጎደለ አይመስልም። ኤሌክትሮፎሬሲሱና ቀላል ሰንሰለቱ ተልኳል፤ መልሱ ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ምን ልጠብቅ?

ደም_ሕክምና

ራጅ ላይ “አይመስልም” በቂ አይደለም፤ ማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ካልጠፋ በራጅ አይታይም። ዝቅተኛ ጨረር ያለው የመላ ሰውነት ሲቲ ወይም የአከርካሪ ኤምአርአይ ይጠየቅ። ዴክሳውም ላይ ቲ-12 ባይለካም ኤል-1 ይወጣና ወገቡ ከኤል-2 እስከ ኤል-4 ይሰላ።

ማይሎማ ባይሆንም ቀዳሚ ደረጃው ኤምገስ ቢሆን፣ ማለትም ፕሮቲኑ ከ3 ግራም በዴሲሊትር በታች፣ የመቅኔ ፕላዝማ ሴል ከ10 በመቶ በታች፣ በሽታው ያመጣው የአካል ክፍል ጉዳትም ሳይኖር፣ የስብራት ስጋቱ ያኔም ከፍ ያለ ነው። ሁለት አከርካሪ በራሱ ስለተሰበረ ቲ-ስኮሩ ምንም ይሁን ምን የኦስቲዮፖሮሲስ መድኃኒት ይገባቸዋል። ሁሉም ንጹሕ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ሲአርፒው ያኔ ለውሳኔው አያስፈልግም። ዴኖሱማብ (ራንክ-ኤልን የሚያግድ መርፌ) ከተመረጠ 60 ሚሊግራም በየ6 ወሩ መሆኑንና ከ7 ወር በላይ ከዘገየ ብዙ አከርካሪ በአንዴ ሊሰበር እንደሚችል ለታካሚዋም ለቤተሰቡም አስቀድመው ይንገሯቸው።

በዚህ ሳምንት ካልሲየሙና ክሪያቲኒኑ በሦስተኛው ቀን ይደገሙ። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ለሲቲ የሚወጋ ቀለም ያለ አስገዳጅ ምክንያት አይሰጥ። እግር መድከም፣ ከወገብ በታች መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ ከጀመረ የኤሌክትሮፎሬሲሱ መልስ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ኤምአርአይ ይነሣ፣ ሌሊትም ቢሆን። ያኔ ስቴሮይድ አይሰጥ ያልኩት አይሠራም፤ የነርቭ ገመዱ ይቀድማል።